የሚያነሳውን ማንሳት፦ አውሎ ነፋስን ከቤት ሆኖ ፎቶ የማንሳት መላ

መጋቢት ላይ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ፣ የጎንደር ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት። ከቤታችን በታች ባለው የኳስ ሜዳ ላይ አቧራ መሾር ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ፌስታልና ትንሽ ደረቅ ቅጠል ነበር የሚዞረው። ወዲያው ወፈረ፣ ቀና አለና መራመድ ጀመረ። የጎረቤታችን የእማማ ነጠላ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር። አዙሪቱ ነጠላውን አነሳ። እኔ ደግሞ ስልኬን አውጥቼ አዙሪቱን አነሳሁ።

ማታ ፎቶውን ለቤተሰቡ አሳየሁ። ሰማያዊ ሰማይ፣ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ነገር። በቃ። ወንድሜ «ፌስታል ነው» አለ። እህቴ «ርግብ ናት» ብላ ተከራከረችው። እማማ ብቻ ጥለቱን አይተው «የኔ ነጠላ!» አሉ። እሳቸውም ቢሆኑ ነጠላውን እንጂ አዙሪቱን አላዩትም።

ጥፋቴ ቀላል ነበር። ከመሬት የሚነሳ ነገር እያነሳሁ መሬቱን ቆርጬ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዙሪት፣ ብዙ ጥቁር ደመናና ጥቂት መብረቅ አንስቻለሁ። አብዛኛው አይረባም። የሚረባው የወጣበትን መንገድ ግን በየተራው ልንገራችሁ። የምጽፈው በዋናነት ስልክ ብቻ ላለው ሰው ነው። ካሜራ ላላችሁ መሐል ላይ ጥቂት ቁጥሮች ጣል አደርጋለሁ።

1. ምን እያያችሁ እንደሆነ ለዩ

አውሎ ነፋስ ስንል ብዙ ነገር አንድ ላይ እንጠራለን። ለፎቶ አንሺ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የትኛው ቆሞ እንደሚነሳ፣ ከየትኛው እንደሚሸሽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የበጋው የአቧራ አዙሪት ከታች ወደ ላይ ነው የሚያድገው። ፀሐይ መሬቱን ታግለዋለች፣ መሬቱ ከላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲሮጥ ዙሪያው ያለው አየር ቦታውን ሊሞላ ሲጎርፍ እንደ እንዝርት ይሾራል። ደመና አያስፈልገውም። እንዲያውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ነው የሚበዛው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበተናል።

ቶርኔዶ የተገላቢጦሽ ነው። ከትልቅ የነጎድጓድ ደመና ሥር ነው የሚወጣው፤ ሲታይ እንደ ዝሆን ኩምቢ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደ አይደለም። ብዙ የሚታየው አሜሪካ መሐል አገር ባለው ሜዳ ላይ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ በዓመት ከአንድ ሺህ በላይ ይመዘገባል። በጣም ኃይለኛው ነፋሱ በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዚህ ፍጥነት ቆርቆሮ ቆርቆሮ መሆኑ ይቀራል፤ ሰይፍ ይሆናል።

ኩምቢው መሬት ካልነካ ገና ቶርኔዶ አይባልም። ግን ዓይናችሁ አይታለል። ብዙ ጊዜ ኩምቢው ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን መሬት ላይ አቧራና ቆሻሻ ይዞራል። እንዲህ ከሆነ ነክቷል ማለት ነው። በመሐል ያለው አየር ስለማይታይ ብቻ ነው የተቆረጠ የመሰለው። ስለዚህ ስታዩም ስታነሱም ከኩምቢው ጫፍ በታች ያለውን መሬት ተመልከቱ።

ሦስተኛው፣ ጎንደር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ሩቅ የሚወርድ ዝናብ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጣና ውሃ 1,800 አካባቢ ነው። ከላይኛው ሰፈር ሆናችሁ ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ስትመለከቱ ሜዳው ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። ክረምት ላይ አንዱ ቀበሌ ሲዘንብበት ሌላው ፀሐይ ይሞቃል። የሚዘንበው ከሩቅ ሲታይ እንደ ጥቁር ምሰሶ ነው። «ቶርኔዶ በጎንደር!» ተብሎ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን ከማመናችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ተመልከቱት። ምሰሶው ካልዞረ ዝናብ ነው። ከተጠራጠራችሁ ስልኩን አንድ ቦታ አስደግፋችሁ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ያዙና አፍጥናችሁ እዩት። መዞሩ በዓይን ባይያዝ እንኳ ሲፈጥን ይታያል።

2. መስኮታችሁን ቀድማችሁ አጥኑ

ይህን ነፋስ በሌለበት፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሥሩት።

ከቤታችሁ ሰማዩ በደንብ የሚታየው በየት በኩል ነው? ከየመስኮቱና ከየበረንዳው አንድ አንድ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፎቶዎቹን እያያችሁ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ሦስት ነገሮች ምረጡ። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የቴሌ ማማ፣ የውሃ ታንከር፣ የተደረደረ ባሕር ዛፍ፣ ቁመቱን የምታውቁት ፎቅ ሊሆን ይችላል። ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የፋሲል ግንብ ማማዎች ከየትም አቅጣጫ ይለያሉ። የስልኩን ኮምፓስ ከፍታችሁ እያንዳንዱ ከቤታችሁ በየት በኩል እንዳለ ደብተር ላይ ጻፉ።

«ለአንድ ፎቶ ይህ ሁሉ ጣጣ?» እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 20 ቀን 1957 አሜሪካ ውስጥ ፋርጎ የምትባል ከተማን ቶርኔዶ መታት። ነዋሪው ከየደጁና ከየመንገዱ አነሳው። ቴትሱያ ፉጂታ የሚባል፣ ጃፓን ተወልዶ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተመራማሪ ከመቶ በላይ ፎቶ ሰበሰበ። ምስሎቹን በየሰዓታቸው ደርድሮ፣ በውስጣቸው ያሉትን ሕንፃዎች እንደ መለኪያ ይዞ፣ ደመናው እንዴት እንደተነሳና በየት እንዳለፈ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። የቶርኔዶን ኃይል በደረጃ የሚለካውን መስፈርት በ1971 ያወጣውም እሱው ነው። ለዚያ ሥራ የረዱት ፎቶዎች የባለሙያ ብቻ አልነበሩም፤ የሰፈር ሰው ያነሳቸውም ናቸው። የሠሩለት ግን ከጀርባ ወይም ከፊት የሚታወቅ ቤት ስለነበራቸው ነው። የእኔ ነጠላ ለፉጂታ ቢላክለት ምንም አይጠቅመውም ነበር።

ስለዚህ ጠረጴዛውን፣ ወንበሩን፣ የምትቆሙበትን ቦታ ወስኑ። እኔ የበረንዳው ወለል ላይ በኖራ ትንሽ መስመር አስምሬያለሁ። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የምቆመው። አንዱን የክረምት ደመና ከሌላ የበጋ አዙሪት ጎን አድርጌ ሳይ ታንከሩ በሁለቱም ላይ እዚያው ቦታ ነው፤ የቱ እንደሚረዝም ወዲያው አውቃለሁ።

3. ስልኩን አዘጋጁ

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ እንደ ቀንድ ጫፉ የሾለ ደመና ወደ ደምቢያ በኩል ተንጠልጥሎ አየሁ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ! ስልኩን አነሳሁ፣ ቪዲዮውን ነካሁት። «ማስቀመጫው ሞልቷል» አለኝ። የሰው ሠርግ፣ የቲክቶክ ቀልድ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ምስል በየዓይነቱ፣ ሁሉም ስልኬ ላይ ተኝቷል። እሱን እየሰረዝኩ ሳለ ደመናው ሟሟ።

አንድ ደቂቃ የ4ኬ፣ ማለትም በጣም ጥራት ያለው፣ ቪዲዮ እንደ ስልኩ ከ170 እስከ 400 ሜጋባይት ይበላል። ቢያንስ 5 ጊጋባይት ባዶ ይኑራችሁ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰርዙ። አሁን ሰርዙ እንጂ።

የቀረው አጭር ነው። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የጣት ቅባት ጥቁር ደመናን ነጭ ጭጋግ ያደርገዋል። የካሜራውን የመስመር ፍርግርግ አብሩ፣ አድማሱ እንዳይጋደል። ፍላሹን አጥፉ፤ ደመና ዘንድ አይደርስም፣ ከፊታችሁ ያለውን የዝናብ ጠብታ ብቻ ያበራል። ደመና ሲጠቁር መብራት መሄዱን ስለምናውቅ ፓወር ባንኩ ከጠዋት ጀምሮ ይሞላ። ስልኩን «አትረብሹኝ» የሚለው ላይ አድርጉት። ልክ ሲጀምር አክስት ትደውላለች፤ በብዙ ስልክ ላይ ደግሞ ጥሪ ቪዲዮ ያቋርጣል። ኔትወርኩን ጨርሳችሁ አትዝጉት ግን፣ ራሳችሁ መደወል ሊያስፈልጋችሁ ይችላል።

ማስደገፊያ አትግዙ። የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ጨምሩና ስፉት። የደምቢያ ሽምብራ ከሆነማ በግሩም! ከረጢቱን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጡ፣ ስልኩን መሐሉ ላይ ቀበር አድርጉት። ሽምብራው ቦታ ይሰጠዋል፣ ይይዘዋል፣ አይነቃነቅም። እናቴ መጀመሪያ «በእህል ትጫወታለህ?» ብላ ተቆጣች። አሁን ፎቶ ስትነሳ ራሷ ነች ከረጢቱን የምታመጣው።

4. እየመጣ ነው ወይስ እየሄደ?

ካሜራውን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን መልሱ። ዘዴው ከማይንቀሳቀሱት ሦስት ነገሮቻችሁ ጋር ይያያዛል። አዙሪቱን ከማማው ወይም ከዛፉ ጋር አስተያዩት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከሄደ በጎን እያለፈ ነው። ከማማው ሳይርቅ፣ እዚያው ቆሞ፣ ግን እየወፈረ ከሆነ ወደ እናንተ እየመጣ ነው። የቆመ ስለመሰለ ብዙ ሰው ተታሏል።

ሌላ ማታለያ አለ። የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ነገርን ያርቃል። እስክሪኑ ላይ ሩቅ የመሰላችሁ በዓይናችሁ ስታዩት ቅርብ ነው። በየጥቂት ሰከንዱ ዓይናችሁን ከስልኩ ላይ ነቅላችሁ በቀጥታ ተመልከቱ።

ከደመና የወረደ ሆኖ ወደ እናንተ ከመጣ ፎቶው አልቋል። መስኮት ወደሌለው፣ ከውጭ ግድግዳ ወደራቀ፣ ምድር ቤት ወዳለ ክፍል ግቡ። ጥግ ላይ ዝቅ በሉ፤ ፍራሽ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ በራስና በአንገት ላይ ጫኑ። ቤታችሁ ጭቃ ሆኖ ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ጎረቤት የብሎኬት ወይም የድንጋይ ቤት ካለ፣ ገና ሩቅ ሳለ ነው መሄድ። ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ቆርቆሮ የሚያስሩበትን ሽቦ ለማጥበቅ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ጎበዝ በየሰፈሩ አይጠፋም። ያን ጊዜ ስልኩን ጣሉና «ውረድ!» በሉት።

የአቧራውም አዙሪት ቢሆን ንቀት አይወድም። ጠጠርና ቁራጭ እንጨት ይዞ ይዞራል። ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ሕፃን ልጅ ወደ መሐሉ እንዳይሮጥ ያዙት። እኛ ልጅ ሆነን መሐሉ ገብተን ስንዘል አያቴ እያማተበች ትጮህብን ነበር። «ሰይጣን አለበት» የምትለው ዓይናችንን ለማዳን ይመስለኛል።

ለመብረቅ ቁጥር አለው። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ቆጥራችሁ ነጎድጓዱ ከተሰማ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ከበረንዳ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በረንዳው የብረት መደገፊያ ካለው አትንኩት። ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ ይዛችሁም አትቁሙ። ጥሩ እይታ አለው ብላችሁ ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጣትስ? ይህ ጽሑፍ «ከቤት ሆኖ» የሚለው ለዚህ ነው።

5. አሁን አንሱ

ስልኩን አግድሙት። አዙሪት ቁመት ስላለው እጃችሁ ሊያቆመው ይፈልጋል። አትስሙት። አግድም ሲሆን ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎችና ቤቶች ይገባሉ፣ ወዴት እንደሚሄድም ይታያል። አንድ ሁለት ቁም ፎቶ በኋላ ትሰርቃላችሁ።

የመጀመሪያው ፎቶ ሰፊ ይሁን። ከታች ሲሶው መሬት፣ ከላይ ሁለት እጁ ሰማይ። ከመረጣችኋቸው ነገሮች ቢያንስ አንዱ ይግባ። አዙሪቱ መሐል ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ በሚሄድበት አቅጣጫ ቦታ ተዉለት።

ከዚያ ብርሃኑን አስተካክሉ። ስልክ ጥቁር ነገር አይወድም። ጥቁር ደመና ሲያይ ጨለማ መስሎት ያበራዋል፣ ደመናውም አመድ ይመስላል። ደመናው ከሰማዩ የሚለይበትን ጠርዝ በጣታችሁ ነክታችሁ ለሁለት ሰከንድ ያዙት። ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል። ብዙ ስልክ ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፤ እሷን ወደ ታች ጎተት አድርጉ። የደመናው ሆድ ዝርዝሩ ብቅ ሲል አቁሙ።

በሁለት ጣት አታስፉት። ስልኩ 2 ወይም 3 የሚል የሌንስ ቁጥር ካለው እሱን ንኩ። ከዚያ ያለፈው ስልኩ ራሱ የሚለጥጠው ነው፤ ከሩቅ ያለ አዙሪት የተፈጨ ጤፍ ይመስላል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ መቁረጥ ይሻላል።

አምስት ስድስት ፎቶ ካነሳችሁ ወደ ቪዲዮ እለፉ። ከቻላችሁ 4ኬ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከ4ኬ ቪዲዮ አንዷን ፍሬም (አንዷን ቋሚ ምስል) ብታወጡ ወደ 8 ሜጋፒክስል ትመጣለች፣ ከተራው ሙሉ ኤችዲ ግን 2 ብቻ ነች። ስልኩን ሽምብራው ላይ አሳርፉና እጃችሁን አንሱ። አዙሪቱን እየተከተላችሁ አታዙሩት፣ እሱ በምስሉ ውስጥ ይሂድ። ቢያንስ እስከ 30 ቁጠሩ። በመሐል በዝግታ «8 ሰዓት ከ10፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ እያየሁ ነው፣ ከታንከሩ ግራ ነው» ብላችሁ ተናገሩ። «ኧረ በስማም!» ይቀድማችኋል፤ እሱም ይግባ፣ ግን ሰዓቱን አትርሱ።

በመስታወት ውስጥ የምታነሱ ከሆነ የክፍሉን መብራት አጥፉና ሌንሱን መስታወቱ ላይ ለጥፉት። ትንሽ ክፍተት ከቀረች የራሳችሁ ሸሚዝ ደመናው ላይ ይታያል። ይህ የምለው ለሩቅ ነገር ነው፤ ነፋሱ ሰፈር ውስጥ ከገባ መስታወት አጠገብ አይቆምም።

ካሜራ ላላችሁ፦ ሹተሩ (የመክፈቻው ፍጥነት) ከ1/250 ሰከንድ በታች አይውረድ፣ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 እስከ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ብርሃን የመቀበል አቅሙ) ከ400 ጀምሩ። ደመናው ቀኑን ካጨለመው ሹተሩን ከማዘግየት አይኤስኦውን ወደ 800 ወይም 1600 ከፍ አድርጉ። የጎረበጠ ምስል ይስተካከላል፣ የተንቀጠቀጠ ግን አይድንም። ፎከሱን በእጅ ሩቅ ያለ ማማ ላይ አድርጉና ተዉት፤ ካሜራ ደመና ላይ ፎከስ ሲፈልግ ይቅበዘበዛል። በ«ሮው» (ካሜራው ባላሳመረው ጥሬ ፋይል) አንሱ።

6. በበጋው ተለማመዱ

ቶርኔዶ ጠብቆ መለማመድ አይቻልም። የአቧራ አዙሪት ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አልፎ አልፎ ይመጣል። ለኔ ትምህርት ቤቱ እሱ ነው።

የሚነሳበትን ቦታ ማወቅ ይቻላል። ሣር የሌለው ሜዳ፣ የታረሰ ደረቅ ማሳ፣ አስፋልት ያልለበሰ መንገድ። በተለይ የሚግልና የማይግል ነገር ጎን ለጎን ያለበት፣ ለምሳሌ የጥላ ጠርዝ። ሰዓቱ ከቀኑ 6 እስከ 9 ነው። ነፋሱ ለስላሳ መሆን አለበት፤ ብርቱ ነፋስ ያለበት ቀን አዙሪቱን ገና ሳይቆም ያፈርሰዋል።

ምልክቱን ከፌስታል ትማራላችሁ። የኛ ሜዳ ላይ መጀመሪያ ጥግ ያለው ፌስታል ይነሳል። ዝም ብሎ ከሄደ ነፋስ ነው። ዞሮ ወደነበረበት ከተመለሰ ተዘጋጁ። ቀጥሎ ቅጠሉ ክብ ይሠራል፣ ከዚያ አቧራው መሬት ላይ እንደ ምጣድ ክብ ሆኖ ይሳላል። ከምጣዱ ተነስቶ እስኪቆም አምስት ስድስት ሰከንድ ነው ያላችሁ። በዚያ ጊዜ ስልኩ ሽምብራው ላይ መሆን አለበት።

ብርሃኑ ወሳኝ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ወደ ምዕራብ ካነሳችሁ አቧራው ከጀርባው በርቶ እንደ ወርቅ ያበራል፤ ከኋላው ጥቁር ነገር፣ ባሕር ዛፍ ወይም በጥላ ያለ ግድግዳ ካለ በጣም ያምራል። ፀሐይዋ ራሷ ግን ምስሉ ውስጥ አትግባ። ወደ ምሥራቅ ካነሳችሁ አቧራው ከመሬቱ ጋር ቀለሙ አንድ ይሆንና ይጠፋል። አቧራ በአቧራ ላይ አይታይም።

በዝግታ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሞክሩ። በሰከንድ 120 ፍሬም ስታነሱ እያንዳንዷ ቅጠል የራሷን መንገድ ይዛ ስትዞር ይታያል። አንድ ጊዜ የቄብ ዶሮ ላባ ከታች ጥግ ተነስቶ ሦስት ዙር ዞሮ ከላይ ሲወጣ ይዤ፣ ቤት ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ ነው ያየነው።

7. ኩምቢው ቢቀር መብረቁ አለ

ክረምት ላይ የጎንደር ሰማይ በብልጭታ አይሰስትም። የቀድሞው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕንፃ በመብረቅ እንደተቃጠለ ይነገራል፤ መብረቅ ለዚህ ከተማ እንግዳ አይደለም። ቀን ላይ በስልክ መብረቅ ለመያዝ ጣትን ማፍጠን ከንቱ ድካም ነው። ቪዲዮ ክፈቱ፣ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ብልጭ ያለችበትን ፍሬም አውጡ።

ማታ ካሜራ ካላችሁ ከክፍል ውስጥ ሆናችሁ ማስደገፊያ ላይ አቁሙት። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ሹተሩ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ። እየደጋገማችሁ አንሱ፤ መብረቁ ራሱ መጥቶ ይገባል። የመንገድ መብራት ምስሉን ያነጣዋል። እንግዲህ መብራት ሲሄድ የምትደሰቱበት ብቸኛ ሰዓት ይህ ነው፤ ከተማው ጨልሞ የግንቡ ጥርስ በመብረቅ ሲበራ።

8. ካነሳችሁ በኋላ

ዋናውን ፋይል አትንኩት። ማሳመር ካማራችሁ ኮፒውን አሳምሩ። እስከዛሬ ከሚታወቁት የቶርኔዶ ፎቶዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተነሱት እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። አንዱ ሚያዝያ 26 ቀን ካንሳስ ውስጥ ጋርኔት አጠገብ፣ ሌላው ነሐሴ 28 ቀን ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ሃዋርድ አጠገብ። የሃዋርዱ በጣም ያምራል፤ ጥርት ያለ ኩምቢ፣ በጎንና በጎኑ ሌሎች ትንንሾች። ከማማሩ የተነሳ በእጅ ተነካክቷል እየተባለ እስከዛሬ ይጠረጠራል። የጋርኔቱ ደብዛዛ ነው፣ ግን ማንም አይከራከረውም።

ስትልኩ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ። በተለመደው መንገድ ከላካችሁ ይጨመቅና ደመናው ይጨማለቃል፤ ሰዓቱና ቦታው የተመዘገበበት መረጃም ይጠፋል። የፈረሰ ቤት ከገባበት ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትልቀቁ። የሰው ሰውነት ከተጎዳማ ስልኩን አስቀምጡና እርዱ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። እኛ 8 ሰዓት ስንል ስልኩ 14:00 ይላል፤ ውጭ ያለ ዘመድ 8 ሰዓትን ጠዋት ያደርገዋል። ቀኑም እንደዚያው ነው፣ በኛ ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ ጻፉ። ሰዓት፣ የቆማችሁበት፣ የተመለከታችሁበት አቅጣጫ፣ የሚታወቀው ነገር፣ የቆየበት ጊዜ። አምስቱ ካሉ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያም ቢያየው ይገባዋል።

የኔ ደብተር ላይ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ10። ከበረንዳ ወደ ደቡብ ምዕራብ። የሚታወቅ ነገር፦ የለም። የቆየበት፦ ሁለት ደቂቃ። ነጩ ነጠላ ነው፣ የእማማ። ባሕር ዛፍ ላይ ተገኝቷል።»